የእንግዳዋ ድርሻ

ፌቨን ጫማዋን ሳታወልቅ አታወራም።

ሕጉን ያወጣው አባቷ ኪዳን ነው። ሕግ ሆኖ ይቀራል ብሎ ግን አላሰበም። ቆቦ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችው፤ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ሳፋ፣ የሕፃን ፖፖ። ከጦርነቱ በፊትም በዚችው ሱቅ ነበር የሚሠራው። በመሀል ዘግቶ ወደ ማይጨው ሄደ፤ አገር ሲረጋጋ ተመልሶ ከፈተ። ሰው "እንኳን መጣህ" አለው። አንዳንዱ ከልቡ፣ አንዳንዱ ከአንገት በላይ፤ ኪዳን ግን የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተው። ክፉ የሚናገረው ሰው ቢያገኝ ይሻለው ነበር። ማንም ምንም አላለውም። እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነው።

አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ እያለ ሚስቱ ደወለች፤ በትግርኛ መለሰላት። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ሰማያዊ ባልዲ አንስታ እጀታውን እየሞከረች ነበር። ስልኩን ዘግቶ ቀና ሲል ባልዲው መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሴትየዋ የለችም። ያውቃታል። ፍሬሰላም ትባላለች፤ ትልቁ ልጇ ጋሹ ከፌቨን ጋር አንድ መዋዕለ ሕፃናት ይማራል። የሆነው ይኸው ብቻ ነው። ባልዲ አስቀምጣ ሄደች። ኪዳን ግን ያን ዕለት ቤቱ ገብቶ፣ ሰማያዊውን መጋረጃ ከበሩ ላይ ጋርዶ፣ ፌቨንን ጭኑ ላይ አስቀመጣት። አምስት ዓመቷ ነው። ያደገችው ማይጨው፣ አያቷ ጋ ስለሆነ፣ የምታውቀው ትግርኛ ብቻ ነበር።

"ከደጅ አማርኛ ነው፣ የኔ ልጅ" አላት በዚያው በትግርኛቸው። "አማርኛው እምቢ ካለሽ ዝም በይ።"

"ካንተም ጋር?"

"ከኔም ጋር።"

"መቼ ነው ታዲያ የማወራው?"

ኪዳን አሰበ። "ቤት ገብተሽ ጫማሽን ስታወልቂ።"

ልጅ የአዋቂን ሕግ ይጥሳል ይባላል። ፌቨን አልጣሰችም። ጠዋት ቀይ የላስቲክ ጫማዋን ስታጠልቅ አፏ አብሮ ይዘጋል። ማታ ደፉ ላይ ጫማዎቹን ወዲያና ወዲህ አሽቀንጥራ ስትገባ፣ ሰንብቶ ውኃ እንደመጣለት የቆቦ ቧንቧ ነው፤ መጀመሪያ ሁለት ሦስቴ ይስላል፣ ከዚያ ይዘረገፋል። ሰልዋ እንዲህ አለች፣ ፈሪድ ከጎማው ላይ ወደቀ፣ ቲቸር አዲስ መዝሙር አስተማረችን፣ ጋሹ አፍንጫው ውስጥ ባቄላ ከተተ። አማርኛው እየገባት ነበር። እንደሚገባት የሚያውቀው ግን አባቷ ብቻ ነው።

ሰሞኑን ይሄም ቀረ። ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን ልትወልድ እናቷ ጋ ማይጨው ሄደች። ፌቨን ከትምህርት ስትመለስ የምትውለው ጎረቤታቸው ራህመት ጋ፣ ከልጇ ከሰልዋ ጋር ሆነ። ኪዳን ሱቁን ዘግቶ ሲደርስ ተኝታ ያገኛታል። ተሸክሟት ይገባና ጫማዋን ከተኛ እግሯ ላይ ራሱ ያወልቀዋል። አንዳንዴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። ምንም አይሰማም።

ስልኩ የጮኸው ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ የሱቁን ቆርቆሮ ማንጫጫት ሲጀምር ነው።

"አቶ ኪዳን? ከመዋዕለ ሕፃናቱ ነኝ፤ ሕይወት ነኝ፣ የፌቨን መምህርት። አይደንግጡ።"

አይደንግጡ ሲባል ነው የደነገጠው።

"ትንሽ ሆዷን አሟታል። ቢመጡ ጥሩ ነው።"

ሱቁን ሳይቆልፍ ወጣ። ጥግ ላይ ባጃጁን አቁሞ ጫት የሚቀነጥሰው ረዲ ሩጫውን አይቶ ሳቀ። "ምነው ጋሽ ኪዳን፣ ተወለደ እንዴ?"

"ወደ ልጆቹ ትምህርት ቤት ንዳው።"

ረዲ ፊቱን አየና ሳቁን ዋጠ። ባጃጁ በአቧራው መሀል እየዘለለ ሄደ። ከበስተምሥራቅ፣ ከሜዳው የሚመጣው ነፋስ ለብ ያለ ነው፤ የማሽላ ገለባ ይዞ ፊት ይመታል። ኪዳን በልቡ ቃላት ያዘጋጃል፤ እዚያ ሲደርስ የሚናገራቸውን የአማርኛ ቃላት፣ ከጉሮሮው ሳይሆን ከከንፈሩ እንዲወጡ እያለሳለሰ። ልጁ ታማም እንኳ ይህን ማሰቡ አሳፈረው። ማሰቡን ግን አላቆመም።

ግቢው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ልጆቹ ወጥተዋል። ፌቨን ፊደል በተጻፈበት ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብላ ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋለች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግንባሯ ላይ ላብ ቸፈፍ ብሏል። አባቷን ስታይ ዓይኗ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

"ምን በላች?" አለ ኪዳን።

መምህርት ሕይወትና ሞግዚቷ ቆንጅት ተያዩ። ሕይወት ልጅ እግር ናት፤ ጣቶቿ ጠመኔ እንደነኩ ናቸው። ቆንጅት ደግሞ ልጅ በማቀፍ ያረጀች ሴት ናት። ሽርጧን አጠባበቀች።

"እንግዲህ ልናገር አይደል" አለች ቆንጅት። "ምሳ ሰዓት ሁለት ምንጣፍ ነው የማነጥፈው፤ የእስላሞቹን ልጆች በዚያ፣ የክርስቲያኖቹን በዚህ። ሥጋ የሚይዝ አይጠፋማ፣ ወላጅ እንዳይቀየመን ብለን ነው። እሷን መጀመሪያ የመጣች ዕለት 'የማን ነሽ?' ብላት ዝም። ከሰልዋ እጅ ደግሞ አትለይም። እሷው ጋ አስቀመጥኳት። ኋላ አንገቷ ላይ ማተቡን ሳይ ክው አልኩ! ላስነሳት ስል ሰልዋ ታለቅሳለች፤ እሷም ታለቅሳለች፣ ያለ ድምፅ። ተውኳቸው እንግዲህ፣ ምን ላድርግ።"

"እና?"

"እናማ ዛሬ ሰልዋ ሥጋ ይዛ ነው የመጣች። ሥጋው ነዋ!"

"ሙቀቱ አበላሽቶት ይሆናል" አለች ሕይወት ፈጠን ብላ።

"አይ ቲቸር! ሆድም እኮ ማተብ ያውቃል" አለች ቆንጅት። ከዚያ ወደ ኪዳን ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ቄሱ ጸበል ይረጩላታል። እኔም አብሬ እሄዳለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ብቻ ለዳይሬክተሩ አትናገርብኝ።"

ኪዳን ፌቨንን አንስቶ ደረቱ ላይ አስደገፋት። ትሞቃለች። "የማን ሥጋ እንደሆነ ግድ የለኝም" አለ። "ያመማት ምንድን ነው? ሰልዋስ?"

ወደ ራህመት ደወለ። ራህመት ሳትጨርሰው ጮኸች። "የኔ ሥጋ? ወላሂ ትናንት ማታ የታረደ ነው! ሰልዋ ይችውልህ፣ ዶሮ እያባረረች ነው። ደግሞስ ፌቨንን ሥጋዬን አስነክቻት አውቃለሁ? እናቷ ከሄደች ጀምሮ ሽሮዋን በትንሿ ምሳ ዕቃ ለብቻ እኮ ነው የምልክላት! ሰልዋን በየቀኑ ነው የምቆጣት፣ ከራስሽ እንዳትሰጫት፣ ሀቋ ነው እያልኩ። ምነው? ምን ሆነች ልጄ? ኪዳን? ያ አላህ፣ አናግረኝ እንጂ!"

ሥጋው አልነበረም። ቆንጅት እፎይ አለች። ኪዳን ግን ያን ጊዜ ነው ልጁን ይዞ፣ መምህርቷን አስከትሎ፣ ወደ ረዲ ባጃጅ የሮጠው። ሥጋው ቢሆን ምን እንደሆነ ይታወቅ ነበር።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ በዛፉ ጥላ፣ ሰው ተደርድሮ ተቀምጧል። ከገጠር የመጡ አዛውንቶች፣ ለክትባት የመጡ እናቶች። መምህርት ሕይወት ካርድ ልታወጣ ሮጠች። ኪዳን ልጁን አቅፎ ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ፣ አግዳሚው ላይ ሕፃን አዝላ የተቀመጠች ሴት አየ። ፍሬሰላም ናት። አንገቱን በትንሹ ሰበረላት፤ እሷም ሰበረችለት።

ሙህሲን የሚባለው የጤና መኮንን፣ ሁሉም ዶክተር የሚለው፣ ፌቨንን በሩ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ አስተኛት። ሆዷን ሲነካት ተኮማተረች። የዓይኗን ሽፋን ገልጦ አየ፤ ምላሷን አየ።

"ምን በላሽ፣ ማሬ?"

ዝም።

"ቤት ውስጥ የአይጥ መርዝ አለ? በረኪና? የተባይ መድኃኒት?"

"የለም" አለ ኪዳን።

"የት ነው የሚያምሽ? እዚህ? እዚህ?"

ዝም። ዓይኗ ጣራውን ያያል።

ሙህሲን ወደ ኪዳን ዞረ። "ትናገራለች አይደል? ወይስ ከተፈጥሮዋ...?"

"ትናገራለች።"

"እንግዲያው አናግራት። ተራ የሆድ ሕመም ከሆነ መድኃኒት ሰጥቼ እሸኛታለሁ። ሌላ ነገር ቀምሳ ከሆነ ግን መዘግየታችን ነው የሚጎዳት። የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፣ ወንድሜ።"

ኪዳን ተንበረከከ። "ፌቨን፣ ንገሪኝ። ምን በላሽ?" አለ በአማርኛ። ምንም። በሩ ክፍት ነው። ከውጭ የተቀመጡት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው ወደ ውስጥ ያያሉ። ፍሬሰላምም ታያለች። ኪዳን ትከሻውን አዙሮ ከለላ ሠራ፤ አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ፤ ያንኑ በትግርኛ፣ ትንፋሽ በሚያህል ድምፅ "እንታይ በሊዕኪ፣ ጓለይ?" አላት።

ፌቨን እጇን አነሳች። ትንሿን፣ ትኩስ መዳፏን አፉ ላይ ጫነችው። በትከሻው ላይ አሻግራ ሰዎቹን አየች፤ አንድ ባንድ፣ ከበሩ እስከ ዛፉ። ያን አስተያየት ኪዳን ያውቀዋል። የራሱ ነው። ከእሱ ነው የተማረችው።

ከዚያ አስመለሳት። አረንጓዴ ውኃ ብቻ ነው የወጣው።

"ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?" ፍሬሰላም ከአግዳሚው ተነሥታ በሩ ላይ ቆማለች። "በቋንቋዋ ጠይቃት እንጂ!"

"ጠየቅኳት" አለ ኪዳን።

"ጮክ ብለሃ! ምን ትፈራለህ?"

ኪዳን ምን እንደሚፈራ ለእሷ ሊነግራት አይችልም። "ከደጅ አታወራም" አለ። "ከቤት ውጭ አታወራም። እኔ ነኝ... ጫማዋን ካላወለቀች አታወራም።"

በሩ ላይ የነበረ አንድ ሽማግሌ ሳቀ። "ጫማ? ምን ዓይነት ዛር ነው በሉ?"

ፍሬሰላም አልሳቀችም። ኪዳንን ጥቂት አየችው፤ አንዳች ነገር ፊቷ ላይ አለፈ። ከዚያ ገብታ ቀዮቹን ጫማዎች ከፌቨን እግር ሳብ ሳብ አድርጋ አወለቀችና መሬት ላይ ጣለቻቸው። "በይ እሺ፣ ወለቀልሽ። ተናገሪ የኔ እናት።"

ፌቨን ባዶ እግሮቿን አየች። ቀጥላ ግድግዳውን፣ በሩን፣ ሰዉን አየች። ራሷን ነቀነቀች። ቤት አይደለም።

"መጋረጃ አለን" አለ ኪዳን፣ ለማንም ሳይሆን። "በር ላይ መጋረጃ አለን።"

ፍሬሰላም ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈችና በአባትና በልጅ ላይ ጣል አደረገችው። "ጋሹም እንዲህ ነው ሲያኮርፍ" አለች፣ ጠርዙን አልጋው ሥር እየሸጎጠች። "እናንተ ደግሞ ዞር በሉ! ትያትር ነው እንዴ?"

ነጠላው ውስጥ ብርሃኑ ነጭ ነው፤ ጠዋት ጠዋት መጋረጃቸው ሥር እንደሚገባው። የሰዉ ድምፅ ከሩቅ ሆነ። የፌቨን ትንፋሽ ጎምዘዝ ይላል። ከንፈሯ ደርቋል።

"ገዛ ድዩ?" አለችው። ቤት ነው?

"እወ፣ ገዛ እዩ" አላት። አዎ፣ ቤት ነው።

ሁለቴ ሳለች። ከዚያ መጣ።

ኪዳን የሚሰማውን እየመለሰ በአማርኛ ይጮኻል፤ ከነጠላው ሥር፣ እንደ መንፈስ። "ዕቃ ዕቃ ተጫውተው ነው! ከክፍሉ ጀርባ፣ አጥሩ ጋ! ሰርግ ደግሰው!"

"ማን ማን?" አለ ሙህሲን ከውጭ።

"ሰልዋ ናት ደጋሿ። ፈሪድ አራጅ ነው። ቢስሚላህ ብሎ አርዷል፤ ጠጠር ነው ያረደው። ያ የእስላሞቹ ነው። ከዚያ ሰልዋ 'ክርስቲያን እንግዶች አሉኝ፣ ለነሱ ለብቻ ይታረድ' ብላለች።"

ራያ ውስጥ ማንም ደጋሽ የሚያደርገውን ነው ልጆቹ ያደረጉት። እስላም ሲድር ለክርስቲያን ዘመዱ ሌላ በግ፣ ሌላ አራጅ፣ ሌላ ድስት ያዘጋጃል፤ ክርስቲያንም ሲድር እንዲሁ። እንግዳ ያለ ድርሻው ከሄደ ለደጋሹ ነውር ነው። ሰልዋ ይህን ገና ሳትራመድ፣ በእናቷ ጀርባ ላይ ሆና ነው ያየችው።

"ለክርስቲያኖቹ ምን ታረደ?"

ጠየቃት፤ መለሰችለት። ኪዳን እንደገና ጠየቃት፤ እሷም እንደገና መለሰችለት። የአጥሩ ዛፍ ፍሬ። ዝንጉርጉሩ፣ የሚያብለጨልጨው። ጉልዒ።

"ጉሎ!" ብሎ ጮኸ ኪዳን። "የጉሎ ፍሬ ነው የበላችው!"

ሙህሲን ነጠላውን አልገለጠም። ድምፁ ግን ተለወጠ። "አኝካዋለች ወይስ እንዳለ ውጣዋለች? በደንብ ጠይቃት። አኝካዋለች?"

"አኝካዋለች።"

"ሲስተር!" ሙህሲን እየሮጠ ነው። ብረት መሬት ላይ ወደቀ።

"ሌሎቹ የውሸት ነው የበሉት" አለች ፌቨን በትግርኛ፣ ዓይኗ እየከበደ። "እጃቸውን ወደ አፋቸው ብቻ ነው ያደረጉት።"

"አንቺስ ለምን የእውነት በላሽ?"

"ለኔ ተብሎ ነዋ የተሠራው። ሰልዋ እንግዳዬ ነሽ ብላኛለች።"

ኪዳን ግንባሩን ግንባሯ ላይ አሳረፈ። ከነዚህ ሁሉ ወራት በኋላ ልጁን በስሟ ጠርተው፣ ቦታ ሰጥተው፣ ድርሻዋን ለብቻ አቀረቡላት። ታዲያ እንዴት አትብላው?

"ቆይ፣ እንግዶቹ እነማን ናቸው?" የፍሬሰላም ድምፅ ነው፤ ቅርብ ነው፤ ይንቀጠቀጣል። "ክርስቲያን እንግዶች ነው ያልከው። ሌላው ማነው? ጋሹ ነበረ? ኪዳን! ጋሹ ነበረ ወይ?"

ጠየቃት። "ነበረ" አለ።

ፍሬሰላም ነጠላውን ገለጠችው። ዓይኗ ፈጧል። "በላ?"

ፌቨን ብርሃኑ ሲመታት አፏን ዘጋች። ሰዉን አየች። ፍሬሰላም በጉልበቷ ወደቀች፤ ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። "ጠይቅልኝ" አለች። "በማርያም ጠይቅልኝ፣ ባንተው ቋንቋ ጠይቅልኝ። በላ ወይ ልጄ?"

ኪዳን ነጠላውን ሊመልሰው እጁን ዘረጋ፤ ተወው። ቀና ብሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በሙሉ ድምፁ በትግርኛ ጠየቀ። ቃሉ ከጉሮሮው ወጣ፤ አላለሳለሰውም። በሩ ላይ ያሉት ሰዎች ይጠብቃሉ፤ ሽማግሌው እንኳ አንገቱን አስግጓል።

ፌቨን አባቷን አየች። ከዚያ በቀስታ፣ ነጠላ ሳይኖር፣ መለሰች።

"ተፍቶታል ትላለች" አለ ኪዳን። "መራራ ነው ብሎ ተፋው። ምላሱን በሣር ጠራረገ።"

"እርግጠኛ ናት?"

"እርግጠኛ ናት።"

ፍሬሰላም ግን ሮጠች። ነጠላዋን ትታ፣ ተራዋን ትታ ሮጠች፤ የረዲ ባጃጅ ሲጮኽ ተሰማ። ጋሹን ይዛው ስትመጣ ማስቲካ እያኘከ ነው። ሙህሲን መረመረው፤ ለጥንቃቄ አንድ ብርጭቆ ጥቁር መድኃኒት አጠጣው። ጋሹ ጥርሱ ጠቁሮ በመስተዋት ራሱን እያየ ሳቀ።

ፌቨን አልሳቀችም። ያንኑ ጥቁር ነገር አጠጧት፤ ግማሹን መለሰችው፤ እንደገና አጠጧት። ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተተከለ። ሙህሲን ኪዳንን ወደ መስኮቱ ወሰደው።

"አልደብቅህም። ጉሎ መጥፎ ነው። ዘግይቶ ነው የሚያጠቃው። ኩላሊቷ እንዳይጎዳ ነው የምፈራው። ሽንቷን እንጠብቃለን። ሽንቷ ከመጣ ጥሩ ነው። ካልመጣ ወደ ደሴ እንልካታለን።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ነገ ቀትር እንያት።"

ጀምበር ስትጠልቅ ራህመት ሰልዋን ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አልገባ አለች። "በምን ዓይኔ ልይህ? የኔ ልጅ ናት የገደለቻት" ብላ ሻሿን አፏ ውስጥ ወተፈች።

"አልሞተችም፣ ራህመት። ደግሞ ልጅሽ አከበረቻት እንጂ..." አላት ኪዳን።

ሰልዋ አልጋው ጫፍ ላይ በሁለት እጇ ተንጠልጥላ ፌቨንን አየቻት። "የውሸት ነበር እኮ!" አለች ተቆጥታ። "የውሸት ሥጋ እንደሆነ አታውቂም? እኔ ራሴ ጠጠሩን በላሁት? አልበላሁትም!"

ፌቨን ዓይኗን ገለጠች። መልሳ ጨፈነች።

ሚስቱ ስትደውል ኪዳን ስልኩን ይዞ እንደ ልማዱ ወደ ግቢው ወጣ፤ ዛፉ ሥር ቆመ። ሁሉም ደህና ነው አላት። ድምፅህ ምን ሆነ አለችው። አቧራ ነው አላት። ሲመለስ የክፍሉ አስታማሚዎች ሁሉ ያዩታል፤ ያው የቅድሙ፣ የትናንቱ፣ የዘንድሮው ዓይነት መታየት፤ ምን እንደሆነ የማይገባው። አንደኛዋ "ሸናች?" አለችው። ሌላዋም "እስካሁን የለም?" አለች። ለካ የሚጠብቁት ያንን ነው።

ሲነጋ አልመጣም። ፖፖው አልጋው ሥር ደርቆ ተቀምጧል፤ ከራሱ ሱቅ የተሸጠ ፖፖ ነው። ኪዳን የግሉኮሱን ጠብታ ሲያይ፣ በሐሳቡ ውኃው በክንዷ ገብቶ ሲወርድ፣ በሆነ ቦታ ላይ ሲቆም፣ በአሸዋ ውስጥ እንደሚጠፋ የጎርፍ ውኃ ሲሰምጥ ይታየዋል። ሙህሲን መጣ፣ አየ፣ ምንም ሳይል ሄደ። ምንም አለማለቱን ኪዳን አልወደደውም።

ረፋዱ ላይ ፍሬሰላም በፔርሙዝ አጥሚት ይዛ መጣች። ነጠላዋ አልጋው ራስጌ ተጣጥፎ ነበር፤ አነሳችውና ለበሰችው። አጠገቡ ተቀመጠች። ኪዳን ስለ ባልዲው ሊጠይቃት ፈለገ። ያን ቀን ለምን አስቀምጠሽው ሄድሽ? እጀታው ላልቶብሽ ነው ወይስ...? ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ አጥሚቱን እየቀዳች "ቅመስ፣ ፊትህ ራሱ የበሽተኛ ሆኗል" አለችው። ቀመሰ። አልጠየቃትም።

ራህመትና ሰልዋ ደግመው መጡ። ሰልዋ ዛሬ አልተቆጣችም፤ ሥራ ይዛለች። ትናንት መሬት ላይ ተጥለው የቀሩትን ቀይ ጫማዎች አግኝታ፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ አልጋው ግርጌ ሄዳ የፌቨንን እግር እየጎተተች ታጠልቃለች። "ግራና ቀኙን አታቀላቅዪ" አለቻት ራህመት። "አውቃለሁ" አለች ሰልዋ፤ አቀላቀለችው።

ቀትር እየቀረበ ነው። ከግቢው የአምቡላንስ ሞተር ሲነሣ ተሰማ። የተነሣው ለእነሱ ይሁን ለሌላ ሰው ኪዳን አላወቀም። ሙህሲን ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለ። ኪዳን ተነሣ።

"ኣቦይ!"

ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ፌቨን በክርኗ ተደግፋ ብድግ ብላለች። ፀጉሯ ቆሟል፤ ከንፈሯ ነጭ ነው። ድምፁ ግን የቤት ድምፅ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲህ ብቻ የሚያውቀው፣ ጎረቤት የሚሰማው።

"ኣቦይ! ሽንቲ መጺኡኒ!"

ማንም ትርጉም አልጠየቀም። ራህመት "አልሐምዱሊላህ!" ብላ ወደ አልጋው ተወረወረች፤ ፍሬሰላም ፖፖውን ለማውጣት አልጋው ሥር ገባች፤ ከወዲያኛው አልጋ ያለችው አስታማሚ እልል አለች። ሙህሲን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "ሁሉንም አስቀምጡልኝ፣ እንዳትደፉት!" እያለ መጣ።

ኪዳን ግን መጀመሪያ በሩን አየ። ሳያስበው ነው። በሩ ክፍት ነበር፤ ሰው ወዲያና ወዲህ ይላል። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ፤ ግሉኮሱን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ፣ በሌላው ሊያነሳት ጎንበስ ሲል እግሮቿን አየ።

ጫማ አድርጋለች። ግራና ቀኙ ተቀላቅሏል።